ብርድ ካላየ የማያብበው ነጭ አበባ

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ የምጽፍላችሁ ዳፎዲል ስለሚባል አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ናርሲሰስ ነው። ለኛ አደይ አበባ ክረምቱ እንደወጣ እንደሚነግረን ሁሉ፣ ለእንግሊዝ አገር ሰዎች ደግሞ የብርዱ ወቅት እንዳለቀ የሚነግራቸው ይሄ አበባ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቢጫውን ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ነጩ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ነጭ አበባ ለማየት ከአንድ ዓመት በላይ ለፍቻለሁ።

አክስቴ የምትኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ ደጃፏ ላይ ያለውን አበባ ፎቶ እያነሳች በስልክ ትልክልናለች። እኛ እናያለን፣ አያቴ ግን አይታያቸውም። የዓይን ሞራ ስላለባቸው ስልክ ላይ ያለ ነገር ለሳቸው ጭጋግ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውንም አይለዩም። ነጭ ነገር ግን በተለይ ወደ ማታ ላይ ይለያሉ። ነጠላቸውን ራሳቸው ፈልገው የሚያገኙት ለዚህ ነው። ታዲያ አክስቴ መስከረም 2017 ለመስቀል ስትመጣ አምስት ራስ ነጭ ዳፎዲል ይዛ መጣችና ለኔ ሰጠችኝ። «እማዬ በፎቶ ያላየችውን እዚሁ በሯ ላይ እንድታየው ነው። አደራ!» አለችኝ። አደራ ስትለኝ ትንሽ ፈራሁ።

«ራስ» ያልኩት ልክ እንደ ሽንኩርት ራስ ስለሆነ ነው። ዳፎዲል በዘርም ይራባል፣ ግን ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ ሰው የሚተክለው ራሱን ነው። ውስጡ ድርብርብ ነው፤ ምግቡን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሱቅ ውስጥ በሚሸጥበት ጊዜ የሚቀጥለው አበባ በጣም ትንሽ ሆኖ ውስጡ ተሠርቶ አልቋል።

አክስቴ እንደነገረችኝ ነጭ የተባለው ሁሉ ነጭ አይደለም። ማውንት ሁድ የሚባለው መሐሉ እንደ ጥሩንባ ነው፤ ሲፈነዳ ቢጫ ቢጫ ይልና ከቀናት በኋላ ይነጣል። አይስ ፎሊስ ዙሪያው ነጭ ነው፣ መሐሉ ያለው ኩባያ ግን መጀመሪያ የሎሚ ቀለም አለው። የገጣሚዎች ናርሲሰስ የሚሉት ደግሞ ቅጠሎቹ ንጹህ ነጭ ሆነው መሐሉ ላይ ጠርዟ ቀይ የሆነች ትንሽ ቢጫ ክብ አለችው። ታሊያ ግን ሁለመናዋ ነጭ ነው። በአንድ አገዳ ላይ ሁለት ሦስት አበባ ታወጣለች፣ ሽታም አላት። ሆላንድ ውስጥ ለሰው የቀረበችው በ1916 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። አክስቴ ያመጣችው ታሊያን ነው። ልክ ነች፤ መሐሉ ቀይ ቢሆን ለአያቴ ምን ያደርግላቸዋል?

ራሱ ሲመረጥ ልክ እናቶቻችን ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚመርጡት ነው። ይጫኑታል። ጠንካራና ከበድ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ከለሰለሰ ወይም ሻጋታ ካለው ይተዋል። ተለቅ ያለው ብዙ ምግብ ስላለው የማበብ ዕድሉ ይበልጣል።

እኔ ወዲያው መስከረም ላይ አያቴ በር አጠገብ ተከልኩት። በየቀኑ ውሃ አጠጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ቅጠል ብቅ ሲል ሰፈሩን ሁሉ ጠራሁ። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ መጋቢትም አለፈ። ቅጠል ብቻ! አያቴ በየማታው «አበበ እንዴ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ «ትንሽ ቀረው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እንደማያብብ ገብቶኝ ነበር፤ ግን መናገር አፈርኩ።

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው «ብርድ አይቷል ወይ?» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር ዳፎዲል የሚተከለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። መሬት ውስጥ ሥር ያወጣና የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፋል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ካላገኘ አገዳው አይረዝምም፣ ውስጡ ያለው አበባም ሳይወጣ ይደርቃል። ይሄ ለተክሉ ጥበቃው ነው። ብርዱ ሳያልቅ አንድ ቀን ፀሐይ ስለወጣ ብቻ ተታሎ ቢያብብ በረዶ ይጨርሰው ነበር። አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቀዋለች። ስለዚህ የኔ ዳፎዲል ብርዱ እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው፤ ብርዱ ግን አልመጣም።

ተናድጄ ልነቅለው ስል አክስቴ በስልክ «ቅጠሉን እንዳትነካ!» አለችኝ። ለካ ለሚቀጥለው ዓመት ምግብ የሚያዘጋጀው ቅጠሉ ነው። ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ መተው አለበት። ስለዚህ ጠብቄ ግንቦት ላይ ቆፍሬ አወጣሁት። አንዱ በስብሶ ነበር። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ ዳፎዲል ውሃ የሚቋጥር አፈር አይወድም፣ እኔ ደግሞ አጥለቅልቄዋለሁ። አራቱን አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ አሰጣኋቸው።

ጳጉሜ ላይ በወረቀት ከረጢት አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስገባኋቸው። እናቴ «አትክልቴን የት ላድርገው?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ለእናቷ መሆኑን ስታስብ ግን ተወችኝ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ አለ። ሙዝ፣ አቮካዶና ፖም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ ራሱ ውስጥ ያለውን ትንሽ አበባ ስለሚገድለው አብረው መቀመጥ የለባቸውም። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ፍሪጁን ማንም እንዳይከፍተው በር ላይ ዘብ እቆም ነበር።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ። ቤታችን ውስጥ የነዚህ ነገሮች ስም «የአክስቴ ሽንኩርት» ሆኖ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እህቴ ለወጥ አንዱን ልጣ ቆራርጣዋለች! «ይሄ ሽንኩርት ዓይን አያቃጥልም፣ ደግሞ ያዝለገልጋል» ትላለች። ድስት ውስጥ ሳይገባ ደረስኩ። ዳፎዲል መርዝ ነው። ሊኮሪን የሚባል ነገር አለው፤ ከሁሉም በላይ የሚበዛው ራሱ ውስጥ ነው። የበላው ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። በ2009 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሠሩት ሾርባ ውስጥ የዳፎዲል ራስ ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎ ልጆች ታመዋል። እንደኛ ያሉ ተማሪዎች እኮ ናቸው! የሚገርመው ከዚሁ ተክል ጋላንታሚን የሚባል፣ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት ይወጣል። እሱን የሚያወጡት ግን በፋብሪካ ነው። እኛ ቤት ያን ቀን ማታ ስሙ ተቀየረ። ከረጢቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መርዝ ነው! አይበላም!» ብዬ ጻፍኩበት። እናንተም ቤት ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ራስ ካለ ወጥ ቤት አታስቀምጡ።

ቀሩኝ ሦስት። ታኅሣሥ 20 ላይ ከፍሪጅ አወጣኋቸው። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ ታቹን በስቼ፣ ጠጠር ከታች አፈርና አሸዋ ከላይ አደረግሁ። ጥልቀቱ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ሹል የሆነው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ውሃ የማጠጣው ጣቴን ከትቼ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ሆነ።

የካቲት ላይ ሁለቱ እንደ አምናው ቅጠል ብቻ አወጡ። ሦስተኛው ግን አንድ አገዳ ላይ ሁለት አበባ አወጣ። ጀሪካኑን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አያቴ በር ላይ አስቀመጥኩና ምንም አልተናገርኩም። ከውስጥ ወጡና ቆሙ። «ማነው ነጠላ ደጅ የጣለው?» አሉ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲነኩት ዝም አሉ። ከዚያ አሸተቱት። እናቴ ለአክስቴ ደወለችላት፤ ረጅም ሰዓት አወሩ፣ ስለ አበባው ያወሩት ግን ትንሽ ነው።

ዳፎዲል ለመትከል ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ፔፐርዋይት የሚባል ነጭ ናርሲሰስ አለ። የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ተክል ስለሆነ ፍሪጅ ሳይገባ ጠጠርና ውሃ ላይ እንኳ ያብባል። ይሄንን ያወቅኩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው! ሽታው ግን ኃይለኛ ስለሆነ አንዳንድ ሰው አይወደውም ይባላል። ደግሞ ዳፎዲል ቆርጣችሁ ከጽጌረዳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ አታድርጉ፤ የሚያወጣው ፈሳሽ ሌላውን አበባ ቶሎ ያጠወልገዋል።

የኔዎቹ አበቦች ደርቀዋል። ዘር ለማፍራት ጉልበቱን እንዳይጨርስ የደረቁትን ጫፎች ቆርጫለሁ፣ ቅጠሉን አልነካሁም። የጎረቤታችን በግ እንዳይደርስበት ጀሪካኑን መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጳጉሜ ላይ ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል። እናቴ እስካሁን አልሰማችም።