የካንሰርን ዕጢ የሚያስርቡ ፕሮቲኖች

«ዓኖ ጌል ካንሰርን ያድናል።» ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ይህን ሰምቶ የማያውቅ እጩ መምህር ያለ አይመስለንም። ነገ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እውነት ነው ወይ?» ቢል ምን ይመለስለታል? «ውሸት ነው» ብሎ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከዚያ ረዘም ይላል።

እንደሚታወቀው ሴል ኦክሲጅንና ምግብ የሚያገኘው ከደም ነው። የካንሰር ዕጢም እንዲሁ። የራሱ የደም ሥር ካልተዘረጋለት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ካደገ በኋላ ባለበት ይቆማል። ስለሆነም አጠገቡ ወዳሉት የደም ሥሮች ኬሚካላዊ መልእክት ይልካል፤ እነሱም ቅርንጫፍ አውጥተው ይደርሱለታል። ከዋናው የውሃ ቧንቧ መስመር እንደመሳብ ማለት ነው። «ይህ መስመር ቢዘጋስ?» የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 በጽሑፍ ያቀረቡት በአሜሪካ የቦስተን ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጁዳ ፎክማን ናቸው። ብዙ ባልደረቦቻቸው ለዓመታት አላመኗቸውም።

ፎክማን መዝጊያውን የፈለጉት ከሰውነት ከራሱ ነው። ጆሯችንን የሠራው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ እንግዲያው የሚከለክል ነገር ቢኖርበት ነው አሉ፤ በ1975 በጥንቸል ልም አጥንት ሞክረው ይህንኑ አዩ። ይበልጥ የሚደንቀው ሌላው ነው። ትልቁ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ተሰራጭተው የተኙት ትንንሾቹ አንዳንዴ በድንገት ያድጋሉ። ለምን? ትልቁ ራሱ ያፍናቸው ስለነበር! የፎክማን ቡድን ዕጢ ያለባቸውን አይጦች ሽንት እያጠራቀመ አፋኙን ፕሮቲን አጣርቶ አወጣ፤ በ1994 አንጂዮስታቲን ተባለ። በ1997 ደግሞ ከኮላጅን የሚቆረጠው ኢንዶስታቲን ተከተለ።

አይጦቹ ላይ ዕጢው ሲሟሽሽ ጋዜጦች በ1998 ካንሰር ድል የተመታ ያህል ጻፉ። ሰው ላይ ግን ውጤቱ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ቻይና በ2005 የተሻሻለ ኢንዶስታቲን ለሳንባ ካንሰር ፈቅዳለች። በ2004 አሜሪካ የፈቀደችው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት የዕጢውን መልእክት መንገድ ላይ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው፤ በተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ የሕሙማኑን መካከለኛ ዕድሜ ከ15.6 ወር ወደ 20.3 ወር አድርሷል። አምስት ወር ለቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፈውስ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ወደ ገበያችን እንመለስ። ውጭ አገርም «የሻርክ ልም አጥንት ብሉ» ተብሎ ብዙ ተሸጧል። ከዚያ የተጨመቀው መድኃኒት በ379 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ዕድሜ አላራዘመም። የተበላ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይቆራረጣላ! የግመል ወተትም ጥሩ ምግብ ነው፤ ካንሰር ስለማዳኑ ግን በሕሙማን ላይ የተገኘ ማስረጃ የለም። ጉዳቱ ወተቱ ላይ አይደለም፤ ወተት እየጠጣ ስድስት ወር የቆየ ሰው የካራማራን ዳገት አልፎ ሐረር ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ዕጢው ከቢላዋ አምልጦ መገኘቱ ላይ ነው።

ግመል ግን ከጉዳዩ ጨርሶ አልወጣም። በ1993 የብራስልስ ተመራማሪዎች በግመል ደም ውስጥ ከተለመደው ያነሰና ቀለል ያለ አንቲቦዲ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ የዕጢ መልእክት የሚይዙ ቁራጮች ከግመል አንቲቦዲ በቤተ ሙከራ ተሠርተዋል፤ ሆኖም ገና ለካንሰር ሕክምና አልደረሱም።

ለክፍል ማሳያ የሚፈልግ መምህር፦ ዶሮ ታቅፋው አምስት ቀን የሆነውን እንቁላል ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ብርሃን ያሳይ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው ቀይ መስመር አዲስ የደም ሥር ነው። ተመራማሪዎችም እነዚህን ፕሮቲኖች የሚፈትኑት በዚሁ በእንቁላሉ ሽፋን ላይ ነው፤ ፕሮቲኑ ባረፈበት ዙሪያ ድሩ ይጠፋል።