«የማርኬት ጎዳና ጉዞ»፦ የ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ፊልም

ማይልስ የተባሉ ወንድማማች የፊልም ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1906 (በ1898 ዓ.ም.) በሳን ፍራንሲስኮ ያነሡት «የማርኬት ጎዳና ጉዞ» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ታሪክም ተዋናይም የሌለው የ13 ደቂቃ ያህል ሥራ በመሆኑ ከሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚገባውን ክብር አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። ካሜራው የተተከለው በኬብል መኪና፣ ማለትም ከጎዳናው ሥር በተዘረጋ ቦይ ውስጥ ያለማቋረጥ በሚሮጥ የብረት ገመድ በሚጎተት የሕዝብ ማመላለሻ፣ ፊት ለፊት ነው፤ ጉዞውም የሚያበቃው በጎዳናው ጫፍ፣ ባለ ሰዓት ግንብ በሆነው የጀልባ መናኸሪያ ዘንድ ነው።

ፊልሙ የዕለቱን ኑሮ ማንም ሳይነካካው የመዘገበ ንጹሕ ማስረጃ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ግን በግማሽ ብቻ እውነት ነው። አውቶሞቢሎቹን ነጥሎ የሚከታተል ተመልካች፣ አንዳንዶቹ ከካሜራው ፊት ካለፉ በኋላ ሐዲዱን አቋርጠው ሲዞሩ፣ ወደ ኋላም ተመልሰው ጥቂት ቆይተው ከጎን እንደ አዲስ ሲደርሱ፣ ይህንኑም ሲደጋግሙ ያገኛቸዋል። በዚያ ዘመን አውቶሞቢል የባለጸጎች ቅንጦት ስለነበረና የከተማዋም ጭነት በአብዛኛው በፈረስ ጋሪ ይመላለስ ስለነበረ፣ ይህ ዙረት ጎዳናውን ከእውነቱ ይልቅ ዘመናዊ ለማስመሰል ታስቦ የተደረገ ይመስላል። እንግዲህ ከፊልሙ ላይ መኪኖችን እየቆጠረ የከተማዋን የትራፊክ መጠን የሚያሰላ አጥኚ፣ አንድን እንግዳ በገባ በወጣ ቁጥር እየቆጠረ የድግሱን ታዳሚ እንደሚያበዛ ደጋሽ ይሆናል። ዙረቱ ቢደረስበትም ፊልሙ ዋጋ አያጣም፤ አንዲት በማደግ ላይ ያለች ከተማ ምን መስላ መታየት እንደፈለገች የሚያሳየው ይኸው ክፍል ነውና። በሌላ በኩል ባርኔጣ ያልደፋ ወንድ እምብዛም አለመታየቱ፣ እግረኛው በፈለገበት ቦታ ማቋረጡ፣ የትራፊክ መብራትም ሆነ የመስመር ምልክት አለመኖሩ ማንም ያላቀናበረው እውነት ነው።

ፊልሙ የተነሣበት ጊዜ ለረጅም ዓመታት በስሕተት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1905 ተብሎ ሲመዘገብ ኖሯል። የፊልም ታሪክ ተመራማሪው ዴቪድ ኪን ግን በጎዳናው ላይ ያቆረውን የዝናብ ውሃ ከአየር ሁኔታ መዛግብት ጋር፣ የመኪኖቹንም ታርጋ ከምዝገባ ሰነዶች ጋር አስተያይቶ፣ ፊልሙ የ1906 የጸደይ ሥራ መሆኑን አረጋገጠ። ይህም ማለት በዚያው ዓመት ኤፕሪል 18 ቀን ንጋት ላይ (ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም.) ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት ለቀናት ከነደደው እሳት ጥቂት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በፊልሙ ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ወደሙ፤ የጀልባ መናኸሪያው ተረፈ። በማርኬት ጎዳና የነበረው የወንድማማቾቹ ስቱዲዮም ሲጠፋ፣ ፊልሙ ወደ ኒው ዮርክ ተልኮ ስለነበር ዳነ።

የዘመኑ አሰራጮች ግን ይህንን ቅርስ በቸልታ ይይዙታል። ካሜራው በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16 ያህል ምስሎችን ይቀርጽ በነበረበት ዘመን የተነሣን ፊልም በዛሬው የ24 ምስል ፍጥነት ማሳየት፣ እንቅስቃሴውን በግማሽ ያህል ያፋጥነዋል፤ የጥንት ሰዎች እየተንቀጠቀጡ ይሮጡ ነበር የሚለው ቀልድም የመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒዩተር በግምት የቀባውን ቀለምና ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈውን የፈረስ ኮቴ ድምፅ የፊልሙ አካል አስመስሎ ማቅረብም ተመልካችን ማሳሳት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ያልተቀባውን ቅጂ ለሕዝብ በነጻ ስላቀረበ፣ አንባቢ ከዚያ ቅጂ ቢጀምርና በመጀመሪያው እይታ መኪኖቹን፣ በሁለተኛው እግረኞቹን ብቻ ቢከታተል ይመከራል።