የኮሞዶሩ ቤትና የጓሮው ሰርቪስ

በ1944 ዋሺንግተን ውስጥ ማሪ ቢል የተባሉ አንዲት ባለጠጋ ባልቴት የሚኖሩበትን ቤት የፊት ገጽ ለማሳደስ ወሰኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ቤቱ ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት በተዘረጋው በላፋዬት አደባባይ፣ በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ላይ የቆመ ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ሕንፃ ነው። አማታቸው ኤድዋርድ ቢል በ1872 ሲገዛው እንደ ዘመኑ ፋሽን በበሩና በመስኮቶቹ ዙሪያ ቡናማ የአሸዋ ድንጋይ ደርድሮበት ነበር። የማሪ ቢል ጥያቄ ይህ ድንጋይ ቢነሳ ከሥሩ የሚወጣው ምን ዓይነት ቤት ነው የሚል ነበር። መልሱን እንዲያገኝ የጠሩት የአሜሪካን ጥንታዊ ቤቶች በማጥናት ስም ያተረፈውን ቶማስ ዋተርማንን ነው።

ዋተርማን በግምት መሥራት አላስፈለገውም። በዚያ ዘመን ብዙው መኖሪያ ቤት አናጺና ግንበኛ እየተመካከሩ የሚያቆሙት ነበር፤ የዚህኛው ግን ንድፍ ነበረው፣ ንድፉም ተርፏል። የነደፈው እንግሊዝ አገር የተወለደው ቤንጃሚን ሄንሪ ላትሮብ ነው፤ በካፒቶልና በዋይት ሐውስ የሠራ፣ የባልቲሞርን ካቴድራል ያነጸ ባለሙያ። ያሠራው ደግሞ የባሕር ኃይሉ ኮሞዶር ስቲቨን ዴካተር ነው።

ዴካተር በ1804፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ የትሪፖሊ ሰዎች የማረኳትን ፊላዴልፊያ የተባለች የአሜሪካ መርከብ እዚያው ወደባቸው ውስጥ ሰርጎ ገብቶ አቃጥሏት ስሙ በአገሩ ገነነ። በ1812 ደግሞ ማሴዶኒያን የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ማርኮ ወደ አገሩ አስገባ። በዚያ ጊዜ የተማረከች መርከብ ትገመትና ገንዘቡ ከአዛዡ እስከ ተራው መርከበኛ እንደየማዕረጉ ይከፋፈል ነበር። ዴካተር በዚህ የምርኮ ገንዘብ አደባባዩ ላይ መሬት ገዛ፤ ከ1816 ጀምሮ የባሕር ኃይል ኮሚሽነሮች ቦርድ አባል ስለነበር ኑሮው የብስ ላይ ሆኗል። በጃንዋሪ 1819 ከባለቤቱ ከሱዛን ጋር አዲሱ ቤት ገባ። አደባባዩን ከበው ከቆሙት የግል መኖሪያዎች የመጀመሪያው ይህ ነበር።

ከላትሮብ ወረቀት ላይ የሚወጣው ቤት ከውጭ ሲያዩት ጭምት ነው። ለጥ ያለ የጡብ ግድግዳ፣ ልካቸው የተጠበቀ መስኮቶች፣ ከዚያ ያለፈ ጌጥ የለም። እንዲህ ያለ ዝና ያለው ሰው ዓምድና ሐውልት ቢደረድር ማን ይከለክለው ነበር? ላትሮብ ግን ጥበቡን ወደ ውስጥ አስገባው። በሩን አልፎ የገባ እንግዳ የሚቀበለው ጣሪያው እንደ ጉልላት የጎበጠ መተላለፊያ ነው፤ ጫፉ ላይ ግድግዳው በግማሽ ክብ ይታጠፋል። ከዚያ በደረጃው ወደ ፎቅ ሲወጣ ሰፋፊዎቹ ሳሎኖች ይጠብቁታል። ላትሮብ በነደፋቸው ቤቶች የሥራ ክፍሎችን ምድር ላይ፣ እንግዳ መቀበያውን ፎቅ ላይ ማድረግ ይወድ ነበር፤ ለግብዣ ለተሠራ ቤት ይህ የሚያዋጣ ሐሳብ ነው።

ግብዣው ግን ብዙ አልቆየም። ዴካተር በቤቱ የኖረው አሥራ አራት ወር ያህል ብቻ ነው። ጄምስ ባሮን የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ወደ ሥራው እንዳይመለስ በመቃወሙ ቂም ተያዘበትና በ22 ማርች 1820 ሜሪላንድ ውስጥ ብላደንስበርግ በተባለ ቦታ በሽጉጥ ተፋለሙ። ሁለቱም ቆሰሉ። ዴካተርን ቤቱ አመጡት፤ ሌሊቱን እዚያው ሞተ። ላትሮብም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በቢጫ ወባ አረፈ። ሱዛን ቤቱን አከራየች። የውጭ አገር መልእክተኞች፣ ቀጥሎም ሄንሪ ክሌይና ማርቲን ቫን ቡረንን የመሰሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁበት፤ በ1836 ጆን ጋድስቢ የተባለ ባለ ሆቴል ገዛው።

ዋተርማን ንድፉን ይዞ የፊቱን ገጽ ወደ ላትሮብ መልክ መለሰው፤ ቡናማው ድንጋይ ወረደ። ወደ ፎቅ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤድዋርድ ቢል ራሱ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን፣ የኮሞዶር ቶማስ ትረክስተን የልጅ ልጅ ነበር፤ ዕድሜውና ሀብቱም ከካሊፎርኒያ ጋር የተሳሰረ ነው። በሰሜኑ ሳሎን ከልዩ ልዩ እንጨት ተገጣጥሞ የካሊፎርኒያ ማኅተም የተሠራበት ወለል አንጥፎ ነበር፤ እሱን ማንም አልነቀለውም። ደግ አደረጉ እላለሁ። ያን ወለል ነቅሎ 1819ን አስመስሎ መሥራት ሌላ ውሸት መጨመር ይሆን ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ ደረጃ የወጣ ሰው ከዴካተር ዘመን ወደ ቢል ዘመን ይሻገራል።

ማሪ ቢል በ1956 ሲሞቱ ቤቱ በኑዛዜያቸው ለብሔራዊ የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ድርጅት ተላለፈ። የፊቱ እንቆቅልሽ የተፈታ መሰለ። የቀረው ከኋላ ነበር። ከዋናው ቤት ተነስቶ በኤች ስትሪት በኩል የሚዘረጋ ጠባብ ባለ ሁለት ደርብ የጡብ ክንፍ አለ፤ ዴካተር ከሞተ በኋላ የተጨመረ። የአዲስ አበባ ሰው ቢያየው ሳይነግሩት «ሰርቪሱ ነው» ይላል። ከታች ማድ ቤትና የልብስ ማጠቢያ፣ ከላይ ማደሪያ። ያድሩበት የነበሩት ግን ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ በጋድስቢ ዘመን በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያሉ የጓሮ ክንፎች ከተማው ሲያድግ በብዛት ፈርሰዋል፤ ይህ በዋሺንግተን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ከዋይት ሐውስ ያለው ርቀትም አደባባይ ማቋረጥ ብቻ ነው።

ለፊቱ ገጽ ንድፍ ተገኘለት። ከኋላ ሆነው ቤቱን ያንቀሳቅሱ የነበሩ ሰዎች ግን ንድፍ ላይ አይገኙም፤ እነሱን ለማግኘት መዝገብ ማገላበጥ ግድ ነው። ከመዝገቡ ጎልታ የምትወጣው ቻርለት ዱፒ ናት፤ ከጋድስቢ በፊት፣ ሄንሪ ክሌይ ቤቱን በተከራየበት ጊዜ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያ ታገለግል ነበር። በ1829 ክሌይ ሥልጣኑን ለቆ ወደ ኬንታኪ ሊመለስ ጓዙን ሲሸክፍ ፍርድ ቤት ከሰሰችው። የቀድሞ ጌታዬ ነፃ ሊያወጣኝ ቃል ገብቶልኛል፣ እናቴም ነፃ ሴት ናት የሚል ነበር ክሷ። ክሌይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ገና ያስረከበ፣ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ በሕጉ ፊት ንብረቱ።

ጉዳዩ እስኪወሰን በከተማው እንድትቆይ ተፈቀደላት። እዚያው ቤት ቀርታ ለአዲሱ ተከራይ ለቫን ቡረን በደመወዝ ሠራች። በ1830 ፍርዱ በእሷ ላይ ሆነ። ወደ ኬንታኪ አልሄድም ስትል የክሌይ ወኪል በአቅራቢያው ባለችው በአሌክሳንድሪያ ከተማ አሳሰራት፤ ከዚያ ኒው ኦርሊንስ ወደምትኖረው የክሌይ ልጅ ተላከች። ክሌይ እሷንና ልጇን ሜሪ አንን ነፃ ያወጣው በ1840 ነው። ወንዱ ልጇ ቻርልስ እስከ 1844 ጠበቀ።