የሳይክል የፊት ሞላ እንዴት ይሠራል? ለሚዘል ልጅስ የትኛው ይሻላል?

በፍኖተ ሰላም ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማውን አንሥቶ በኋላው ብቻ የሚነዳ፣ ከመንገድ ጠርዝ ላይ የሚዘል ልጅ አይታጣም። ሳይክል ሲመርጥ ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊት ወፍራም ሞላ በተገጠመለት ላይ ነው። ለእሱ ጨዋታ ያ ሞላ ሸክም ነው።

ሹካ የምለው የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ነው። ሞላ ያለው ሹካ በእያንዳንዱ እግሩ ሁለት ቱቦ አለው፤ የላይኛው ቀጭን ቱቦ በታችኛው ሰፊ ቱቦ ውስጥ ይንሸራተታል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋል። በደህናው ሹካ ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ይህን አመላለስ ያረጋጋዋል። በርካሹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሞላና ላስቲክ ብቻ ስላለ፣ የተጨመቀው ሁሉ አሽቀንጥሮ ይመለሳል።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በጠጠር ለሚጓዝ ሰው መጨመቁ እጅና ትከሻን ያሳርፋል። ዝላይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚዘል ልጅ መጀመሪያ ክብደቱን ወደ ታች ይጭናል፣ ከዚያ መሪውን ስቦ ይነሣል። የሚያነሣው መሬቱን የገፋበት ኃይል ነው፤ ሞላው ያንን ግፊት ይውጥበታል፣ የሚመልስለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ፍራሽ ላይ ቆሞ እንደመዝለል ማለት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ በተቀረጸ ቪዲዮ ዓለም ያወቀው ስኮትላንዳዊው ዳኒ ማካስኪል በአጥርና በደረጃ ላይ የዘለለበት ሳይክል ሹካ ሞላ አልነበረውም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ለዝላይ ብቻ ከሆነ ሞላ የሌለው የብረት ሹካ ይሻላል። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ርካሹ ባለሞላ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ያ ልዩነት ደግሞ በእያንዳንዱ ዝላይ በክንድ የሚነሣ ነው።

ሞላ የግድ ካስፈለገ እንቅስቃሴው ከ80 እስከ 100 ሚሊሜትር ይሁን፤ 200 ሚሊሜትር የሚሰምጠው ለተራራ ቁልቁለት የተሠራ ነው። ከዚያ የላይኛውን ቱቦ ውፍረት ለኩ። የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ 32 ሚሊሜትሩ ከ28ቱ በአንድ ጊዜ ተኩል ያህል መጣመምን ይቋቋማል። አራት ሚሊሜትር ለዓይን ትንሽ ነው፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግን መሪው ይታዘዛል ወይስ ይወላገዳል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በሞላ ፈንታ በአየር የሚሠራው ይቀላል፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ግፊት የሚሞላ የራሱ ትንሽ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ በአካባቢያችሁ ካልተገኘ ባለሞላው ያነሰ ጣጣ አለው።

በሹካው አናት ላይ ያለችውን ማዞሪያ ብዙ ሰው ሞላውን የምታጠነክር ይመስለዋል። የምታደርገው ሞላውን አስቀድሞ መጫን ብቻ ነው፤ መስመጥ የሚጀምርበትን ግፊት ትጨምራለች እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አትለውጥም።

ያገለገለ ስትገዙ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ናጡት። ቋ ቋ ካለ ጣታችሁን ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት ላይ አሳርፉ። እዚያ ከተነቃነቀ ሹካው ውስጡ ተበልቷል፤ ከመሪው ሥር ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል። የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ጎሚኒውን አልፈው ስለሚገቡ፣ በላይኛው ቱቦ ላይ ቁመቱን የተከተለ ጭረት ካያችሁ አትግዙት።

የላላ ሞላ በብየዳ ይቆለፍልኝ ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ካለ እለምነዋለሁ፣ ይተወው። የታችኛው ቱቦ ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀቱ ያዳክመዋል፣ ሲሰበርም የፊት ጎማው ነው የሚለየው። ባለሞላውን ሞላ በሌለው ስትቀይሩ የመሪውን ዘንግ ውፍረት፣ የፍሬኑን ማሰሪያና የሹካውን ቁመት አመሳክሩ። አዲሱ ሹካ በ20 ሚሊሜትር ባጠረ ቁጥር የሳይክሉ ግንባር አንድ ዲግሪ ገደማ ይቆማል፣ መሪውም ይፈጥናል።