ማሳው በኩንታል፣ ቦታው በካሬ
የጠዳ መሬት ሁለት ዋጋ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኘው ጠዳ ሁለት ገበያዎች የሚገናኙባት ስፍራ ናት። አንደኛው የእህል ገበያ ሲሆን ጤፉና ሽምብራው በኩንታል ይሸጥበታል። ሁለተኛው ሚዛን የለውም፤ በደላላ ሹክሹክታ የሚካሄድና በካሬ ሜትር የሚቆጠር የቦታ ገበያ ነው። ለሁለቱም ገበያ የሚቀርበው ግን ያው አንድ መሬት ነው።

ከተማዋ ወደዚህ አቅጣጫ መውረዷ የሚያስገርም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 112 ሺህ ገደማ የነበረው የጎንደር ነዋሪ፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207 ሺህ ደርሷል። የነገሥታቱ ከተማ የተቆረቆረችው በተራሮች መካከል በመሆኑ ለግንባታ የሚመች ሰፊ ሜዳ የሚገኘው በደቡብ በኩል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ የመተማ መንገድም የሚገነጠለው ከአዘዞ ነው። ጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ በከተማው አስተዳደር ውስጥም ከአዘዞ ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ ተጠቃላለች። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ሜዳው ግን ባዶ ሆኖ ከተማን ሲጠብቅ የኖረ አይደለም። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ሽምብራ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅልበታል። ለግንበኛ መሠረት የሚሰነጥቅ ክፉ አፈር፣ ለገበሬው ያለ መስኖ የሚያበላ ጎተራ ነው።

የካሳው ሒሳብ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ የመጠቀም መብት አለው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ካሳ ከፍሎ ይወስዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ላልተገኘለት ተነሺ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጎታል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ካሳ ለብቻው ይታሰባል።

መሻሻሉ አይካድም። ይሁንና ብዜቱ ቢያድግም መነሻው ዛሬም ምርት ነው። ለስሌት ያህል ሩብ ሄክታር ማሳ አራት ኩንታል ጤፍ ሰጠ፣ ኩንታሉም 10 ሺህ ብር ወጣ እንበል። የዓመቱ ገቢ 40 ሺህ ብር፣ በ15 ሲባዛ 600 ሺህ ብር ይሆናል። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለአንዱ ካሬ የሚደርሰው 240 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንኳ አይገዛም።

ያው መሬት ተሸንሽኖ፣ መንገድ ወጥቶለት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ የሚጠይቅ የለም። ተጫራቹ የሚያሰላው የአስፋልቱን ቅርበትና የነገውን ኪራይ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው አይደርስም።

ሌላም ጉዳት አለ። ማሳ በየዓመቱ ጤፍ ይሰጣል፤ የኑሮ ውድነት ሲብስ የጤፉም ዋጋ አብሮ ይወጣል። ካሳው ግን አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚሰጥ ብር ነው። የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ሦስት ዓመት ቢቀጥል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከማረስ ሌላ ሙያ የሌለው ሰው የ15 ዓመት ጉርሱን በጥሬ ገንዘብ ሲቀበል፣ ከመሬቱ ጋር የግሽበት መከላከያውንም አብሮ አስረክቧል።

ደላላው የሚገባበት ቀዳዳ

የቦታ ደላላው የሚኖረው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። «መንግሥት ሳይቀድምህ ሽጥ» የሚለው ምክሩ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ከካሬ 240 ብር የበለጠ ማንኛውም ዋጋ ለገበሬው ትርፍ መስሎ ይታየዋል። ሽያጭ ስለተከለከለ ውሉ በብድር ወይም በስጦታ ስም ይጻፋል፤ አንዳንዴም ጎጆ ይቀለስና የቤት ሽያጭ ይባላል። ስለዚህ በሹክሹክታ የሚጠራው ዋጋ የመሬቱ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። ከገበሬው ሥጋትና ከገዢው ተስፋ የተሠራ ዋጋ ነው።

ገዢው ርካሽ ያገኘ ቢመስለውም የሥጋቱን ድርሻ ተረክቧል። በስሙ የወጣ የይዞታ ማስረጃ የለውም፤ ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም። ቤቱ ቢፈርስ ካሳ የመጠየቅ መሠረት የለውም። የሻጩ ሚስት ወይም ልጆች ነገ መብታችን ተነካ ብለው ቢከሱ በእጁ ያለው በብድር ስም የተጻፈ ወረቀት ነው። ሕጋዊው የከተማ ቦታ በሊዝ ይገኛል። በገጠር ይዞታ ላይ ማረስ ወይም ከብት ማድለብ ለሚፈልግ ደግሞ ከባለይዞታው ተከራይቶ ውሉን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይችላል። ትርፉ ዝግ ያለ ይሆናል፤ እንቅልፍ ግን አይነሣም።

ነገሩ የጎንደር ብቻ አለመሆኑን ነጋዴው ያውቀዋል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳሰረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠርዟል። ገበሬው የተከፋበት መሬት ላይ የፈሰሰ ካፒታልም ዋስትና እንደሌለው ያኔ ታይቷል።

ለከተማ አስተዳደሮች ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። ተነሺው ከሽንሸናው ትርፍ ድርሻ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ከራሱ ማሳ መንገድ ዳር የንግድ ቦታ ቢያገኝ፣ ለደላላው የሚያሳልፈው ነገር አይኖርም። እስከዚያው ድረስ ጠዳ ላይ ቦታ የሚጠይቅ ባለገንዘብ «ካሬው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ማሳ ስንት ኩንታል ይሰጥ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አይከፋም። ያ ጤፍ ከጎንደር ገበያ ሲጎድል፣ ቤት ሠርቶ የሚገባው ሰውም እንጀራውን የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነውና።