ክቡ ካርታና የሴቶች ጥያቄ

ሰው የነገውን ዛሬ ለማወቅ ያለው ጉጉት ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። አንዱ ኮከብ ይቈጥራል፤ ሌላው ጠጠር ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ ካርታ ይገልጣል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሮት የተባለውን ካርታ፥ ይልቁንም ሁለት የአሜሪካ ሴቶች ለሴቶች ጥያቄ እንዲያገለግል አድርገው እንደ አዲስ የሣሉትን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሮት ሲፈጠር የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ፥ በሚላኖና በፌራራ፥ መኳንንቱ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት የጨዋታ ካርታ ነበር። ከጥንታዊት ግብፅ የወረደ ምስጢር ነው የሚለውን ወሬ የነዛው ኩር ደ ዤብላን የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፥ ይህን በፓሪስ ያሳተመው በ1781 ነው። በዚያን ጊዜ ግን የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሻምፖልዮን የጽሕፈቱን ምስጢር የፈታው በ1822 ነውና።

ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው የታሮት ካርታ በ1909 በሎንዶን ታተመ። ሐሳቡን ያወጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆን፥ 78ቱን ሥዕል የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነበረች። ይሁን እንጂ ካርታው ለብዙ ዘመን የተጠራው በአሳታሚውና በዌይት ስም ነው። ሠዓሊዋ ለድካሟ ያገኘችው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ በ1951 ስትሞትም ዕዳ እንጂ ሀብት አልተወችም።

ከዚህ በኋላ ነው በካሊፎርንያ፥ በበርክሊ ከተማ፥ ቪኪ ኖብልና ካረን ቮግል የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን የጀመሩት። «መዘርፒስ» ያሉት ካርታ በ1981 ታተመ፤ ትርጕሙም «የእናት ሰላም» እንደ ማለት ነው። የኖብል መምሪያ መጽሐፍ በ1983 ተከተለ። የካርታው ቅርጽ ክብ ነው። በንጉሥና በንግሥት፥ በፈረሰኛና በአሽከር ፈንታ ሻማን የተባለው ፈዋሽ፥ ካህኒት፥ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ተተኩ፤ የባሕታዊውንም ሽማግሌ ቦታ አሮጊት ያዘችው። ሥዕሎቹ ከአፍሪካ፥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጥንታውያን ሕዝቦች እምነት የተለቀሙ ናቸው። በ2017 ዲዮር የተባለው የፓሪስ የልብስ ቤት እነዚህኑ ሥዕሎች በልብሶቹ ላይ አውጥቷቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለጕዳይዋ ጥያቄዋን በልቧ ይዛ ካርታውን ታደባልቃለች፤ ጥቂቶቹን መዝዛ በየቦታቸው ትዘረጋቸዋለች፤ ከዚያም መጽሐፉን ገልጣ የእያንዳንዱን ትርጕም ታነባለች። ክብ በመሆኑ ካርታው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲያዘነብል ትርጕሙ ይለወጣል።

ታዲያ መልሱ ለምን እውነት መስሎ ይታያል? በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባያቸውን መግለጫ ጽፎ ሰጣቸው። ተማሪዎቹም ትክክለኛነቱን ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ነገር ግን ለሁሉም የተሰጠው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር! ለሁሉ የሚስማማ ቃል እያንዳንዱ ለብቻው የተነገረ ይመስለዋል።

የካርታው ወዳጆች «እኛ ራሳችንን የምናይበት መስተዋት ነው እንጂ ትንቢት አይደለም» ይላሉ። ይህ አነጋገር የሚናቅ አይደለም። ሐሳቧን የሚጠይቃት አጥታ የኖረች ሴት ሥዕል ፊት ተቀምጣ «እኔ ምን እፈልጋለሁ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄው ብቻውን ጥቅም አለው። አደጋው የሚመጣው ትዳሯን፥ ትምህርቷን ወይም ሥራዋን በተመዘዘው ካርታ ስትወስን ነው። ከባልና ከአለቃ ትእዛዝ ነጻ ልትወጣ የተነሣች ሴት ፈቃዷን ለመጽሐፍ ካስረከበች፥ አዛዡ ተለወጠ እንጂ ነጻነቱ አልተገኘም።

ሌላም ነገር አለ። በጥንት ዘመን እንስት አማልክት ይመለኩ እንደ ነበር፥ ሴቶችም ተከብረው ዓለም በሰላም ይኖር እንደ ነበር የሚናገሩ አሉ። ለዚህ አሳብ ታላቅ ብርታት የሰጡት ማሪያ ጊምቡታስ የተባለችው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ጽሑፎች ናቸው። ሌሎች ሊቃውንት ግን ማስረጃው አይበቃም ብለው ይከራከራሉ፤ ሲንትያ ኤለርም በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ ታሪኩን አፈ ታሪክ ብላዋለች። በእኛ አስተያየት የሴት መብት በዚህ ክርክር መርታትና መረታት ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ሴት ነግሣም ይሁን ሳትነግሥ፥ ዛሬ ለሠራችው ሥራ ተገቢው ዋጋና ስሟ ይገባታል። የፓሜላ ስሚዝ ታሪክ ይህን ለማስረዳት ከ78ቱ ካርታ ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን ይህ ካርታ ቢያጋጥማቸው፥ ሥዕሉን ይመልከቱ፤ ታሪኩን ይመርምሩ፤ ከወዳጆቻቸውም ጋር ይጫወቱበት። ውሳኔያቸውን ግን ለራሳቸው አእምሮ ይተዉት እንላለን።