የጥድ ወለል በጥድ ይጠገናል

ላፍቶ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ገብታችሁ ለወለል የሚሆን አዲስ የጥድ ጣውላ ብትጠይቁ፣ በአብዛኛው የሚቀርብላችሁ ባሕር ዛፍ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዛሬ ጥሩ ጥድ የሚገኘው ከጫካ ሳይሆን ከፈረሰ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ እንደፈረሱት ያሉ የድሮ ቤቶች ወለል፣ በርና ኮርኒስ ተለቅሞ ሲወጣ ለጠጋኝ ሀብት ነው።

ጥድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀይ ልቡ ምስጥን ይቋቋማል፣ ሲላግም ዛሬም ይሸታል። ዝግባ ፈዛዛና ሽታ አልባ ነው፤ ለፎቅ ይሁን እንጂ ለምድር ቤት አልመክረውም። እርጥብ ባሕር ዛፍማ ከተቸነከረ በኋላ ይጣመማል።

አሮጌ ጣውላ ሲገዛ ጫፉ በቢላ ይወጋል። ቢላው ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ከትንንሽ ቀዳዳዎች አዲስ ዱቄት የሚፈስ ከሆነም ነቀዙ አልሞተም። ቀጥሎ ምስማር መንቀል ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም የማይዘለል ሥራ። ተሰብሮ የቀረውን በማግኔት ይፈልጉታል፤ አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያ ማሽኑን ምላጭ ይሸርፋል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው።

ከዚያ ጣውላው በሚገጠምበት ቤት ውስጥ፣ በየመካከሉ ጭራሮ ተደርጎ፣ ጥቂት ሳምንታት ይደረደራል። ሲረጋ ይላጋል፤ ጎንና ጎኑ ላይም እርስ በርስ የሚገጥሙ ወንድና ሴት ይወጣለታል። ከተገጠመ ወለል መሐል አንዱን ብቻ መቀየር ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ወንዱ ከጎን ስለማይገባ የአዲሱ ጣውላ ሴት የታችኛው ከንፈሯ ተቆርጦ ከላይ ይወርዳል። ውፍረቱ ካነሰ ከሥሩ ስስ ቁራጭ ይነጠፋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወለል በብዛት የሚበሰብሰው ከታች መሆኑን ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ፈንገስ አያበሰብሰውም። የቤት ወለልን ሥር አናፍሰው የሚያደርቁት መሠረቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ በአፈር ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው ከሆነ የተቀየረውም ጣውላ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ለአናጢው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቀዳዳዎቹን አስከፍቱ።